የብርቱካን ዘይት ናኖኢመልሽን በሁለት ሳምንት ለምን ያድጋል?

ጥያቄው፦ «ለጥርት ያለ ለስላሳ መጠጥ የሚሆን የብርቱካን ጣዕም ናኖኢመልሽን (ዘይት በጥቃቅን ጠብታ ውሃ ውስጥ የተበተነበት ፈሳሽ) እየሠራሁ ነው። 10 በመቶ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ 5 በመቶ ቱዊን 80 (ዘይቱን ከውሃው ጋር የሚያስማማ ኢመልሲፋየር)፣ ቀሪው ውሃና ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ 3.2። በአልትራሳውንድ ፕሮብ 15 ደቂቃ ስመታው የጠብታው መጠን 110 ናኖሜትር ይወጣል። በ7ኛው ቀን 270፣ በ14ኛው ቀን 340 ሆኖ አገኘሁት። 10 በመቶ ስኳር ያለው መጠጥ ውስጥ ስጨምረው ከጊዜ በኋላ የጠርሙሱ አንገት ላይ ነጭ ቀለበት ይሠራል፣ ሽታውም አኳራጅ አኳራጅ ይላል። ቱዊኑን ልጨምር ወይስ ረዘም አድርጌ ልምታው? ይኸው ኢመልሽን ቢደርቅስ ለዱቄት ጁስ ይሆናል?»

ምላሽ፦

ቱዊን መጨመሩ አይፈታውም፤ አብዝቶ መምታቱ ደግሞ ሽታውን ያብሰዋል። መስተካከል ያለበት ዘይቱ ራሱ ነው። ለዚህ ማስረጃው የላኳቸው ሦስት ቁጥሮች ናቸው።

የሦስቱንም ኩብ ያስሉ። የ110 ኩብ ወደ 1.3 ሚሊዮን ይመጣል፣ የ270 ወደ 19.7 ሚሊዮን፣ የ340 ወደ 39.3 ሚሊዮን። በመጀመሪያው ሳምንት የጨመረው 18.4 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 19.6 ሚሊዮን ነው፤ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ኩቡ ከጊዜ ጋር እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲያድግ ምልክቱ ኦስትዋልድ ራይፕኒንግ የሚባለው ነው፤ ትልልቁ ጠብታ ትንንሹን እየበላ ያድጋል። ጠብታዎቹ እየተጋጩ የሚዋሃዱ ቢሆን ኖሮ መጠን መለኪያው መሣሪያ ግራፍ ላይ የሚያዩት ጉብታ በጣም ይሰፋ ወይም ለሁለት ይከፈል ነበር። ሦስት ነጥብ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም፣ ነገር ግን ከሊሞኒን ጠባይ ጋር ሲገጥም ብዙ አያጠራጥርም።

የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን ነው። ሊሞኒን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ይባላል እንጂ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 13 ሚሊግራም ገደማ ይሟሟል። በዓይን ለሚታይ ጠብታ ይህ ከቁጥር አይገባም፤ ለ100 ናኖሜትር ጠብታ ግን ብዙ ነው። ጠብታው ባነሰ ቁጥር በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚጨምር፣ የሊሞኒን ሞለኪውሎች ከትንሹ እየወጡ በውሃው ተሻግረው ትልቁ ውስጥ ይገባሉ። ዙሪያውን የከበበው ቱዊን ጠብታ ከጠብታ እንዳይዋሃድ ይከላከላል፣ ሟሙቶ የሚወጣውን ሞለኪውል ግን አያስቀርም። እንዲያውም የተረፈው ቱዊን ውሃው ውስጥ ማይሴል የሚባል ጥቃቅን ስብስብ እየሆነ ሊሞኒኑን ስለሚሸከም ጉዞውን ሊያፋጥነው ይችላል።

የሚያስቆመው ከብርቱካኑ ዘይት ጋር የሚቀላቀል፣ ውሃ ውስጥ ግን ፈጽሞ የማይሟሟ ሌላ ዘይት ነው። ሊሞኒኑ ከትንሹ ጠብታ መውጣት ሲጀምር ሁለተኛው ዘይት እዚያው ይቀራል፤ ጠብታው ውስጥ ያለው ድርሻውም ከፍ እያለ ይሄዳል። ያን ጊዜ በትንሹና በትልቁ ጠብታ መካከል የሊሞኒን ክምችት ልዩነት ይፈጠርና ልዩነቱ ሊሞኒኑን ወደ ኋላ ይስበዋል። ከጠቅላላው ዘይት 10 በመቶ ሲሆን ለውጡ መታየት ይጀምራል፤ ለመነሻ 20 በመቶ ይያዙ። ከኮኮናት የሚወጣው ኤምሲቲ ዘይት ጠረን ስለሌለውና በቀላሉ ኦክሲዳይዝ ስለማያደርግ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። የተጣራ የበቆሎ ወይም የሱፍ ዘይትም ይሠራል። የኑግ ዘይት ግን አይሁን፤ የራሱ ጠረን አለው፣ ፈጥኖም ይበላሻል። ሌላው መንገድ ሊሞኒኑ በከፊል ተነሥቶለት የተጠናከረ፣ በንግዱ ባለ 5 ወይም ባለ 10 ፎልድ የሚባለውን የብርቱካን ዘይት መግዛት ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ለማደግም ለመበላሸትም የዘገየ ነው፤ የሚያስፈልገው መጠንም ያንሳል።

ቀለበቱ የዚሁ እድገት ውጤት ነው። የብርቱካን ዘይት እፍግታ በሚሊሊትር 0.845 ግራም ገደማ ሲሆን 10 በመቶ ስኳር ያለው መጠጥ 1.04 ነው። በስቶክስ ሕግ ሲሰላ 110 ናኖሜትር ጠብታ በቀን ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህን የሞለኪውሎች ግፊያ ራሱ ይበትነዋል። 340 ላይ 0.8 ሚሊሜትር፣ 1 ማይክሮሜትር ላይ ደግሞ 7 ሚሊሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ በዲያሜትሩ ስኩዌር ስለሚያድግ ቀለበቱን የሚሠሩት በአማካዩ ቁጥር ውስጥ የማይታዩት ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች ናቸው። «አማካዩ 120 ነው፣ ቀለበቱ ከየት መጣ?» የሚሉ ሰዎች መልሱን ማይክሮስኮፕ ላይ ያገኙታል።

ቶሎ እንዳይንሳፈፍ ለዘይቱ ክብደት የሚጨምሩ ነገሮችም አሉ። ኤስተር ገም (ኢ445) እፍግታው 1.08 ነው፤ ከብርቱካን ዘይት ጋር እኩል በእኩል ሲሆን ቅልቅሉ 0.95 ገደማ ይደርሳል፣ የመውጣት ፍጥነቱም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ኦስትዋልድ ራይፕኒንግንም አብሮ ይከለክላል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። እንደ ሊሞኒን ባለ ተርፒን ውስጥ ለመሟሟት ሰዓታት ይፈጃል፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ያለ እሳት፣ ቀስ እያሉ ያማስሉት፣ ምክንያቱም ሊሞኒን በ48 ዲግሪ ገደማ እሳት የሚይዝ ተን ይሰጣል። በአሜሪካም በአውሮፓም በተዘጋጀው መጠጥ የሚፈቀደው በሊትር 100 ሚሊግራም ነው። ሌላው አማራጭ ኤስኤአይቢ (ኢ444) ሲሆን ጣሪያው 300 ሚሊግራም ነው። የቆዩ ፎርሙላዎች ላይ የሚያዩትን ብሮሚን የገባበት የአትክልት ዘይት ግን ይተዉት፤ አሜሪካ ራሷ በ2024 ከልክላዋለች።

ወደ ሥራው እንምጣ። ለ1 ኪሎግራም ኢመልሽን 48 ግራም የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ 12 ግራም ኤምሲቲ፣ 0.05 ግራም ቅይጥ ቶኮፌሮል (ቫይታሚን ኢ)፣ 30 ግራም ቱዊን 80፣ 1 ግራም ሶዲየም ቤንዞኤት (ከሻጋታ የሚከላከል)፣ ፒኤቹን 4 የሚያደርስ ሲትሪክ አሲድ፣ ቀሪው አየሩ የወጣለት ውሃ። የቱዊኑ ምጣኔ የእርስዎው ነው፣ ከዘይቱ ግማሽ፤ በዚህ ምጣኔ 110 ላይ መድረስዎን አሳይተዋል፣ መጨመር አያስፈልገውም። ዘይቱን ከ10 ወደ 6 በመቶ ዝቅ ያደረግነው ፕሮብ ኃይለኛ ሆሞጅናይዘርን (በግፊት ጠብታን የሚሰባብር ማሽን) ስለማይስተካከል ነው። በሊትር መጠጥ 1.5 ግራም ከዚህ ኢመልሽን ሲጨምሩ 72 ሚሊግራም የብርቱካን ዘይትና 45 ሚሊግራም ቱዊን ይገባል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ለፖሊሶርቤቶች (ቱዊን 80 ከእነዚህ አንዱ ነው) ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ በኪሎ የሰውነት ክብደት 25 ሚሊግራም በመሆኑ በዚህ በኩል አያሳስብም። ምርቱ የሚሸጥበት አገር የሚፈቅደውን መጠን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቤንዞኤቱን መጀመሪያ በተራ ውሃ ያሟሙ፤ አሲዱ ከቀደመ ቤንዞይክ አሲድ ሆኖ እንደ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፣ መልሶ ማሟሟቱም አስቸጋሪ ነው። ከዚያ ቱዊኑን ውሃው ውስጥ ይጨምሩና አረፋ ሳያነሡ ያማስሉ። ዘይቶቹንና ቶኮፌሮሉን ለብቻ ያዋህዱ፣ ውሃው ላይ በቀጭኑ እያፈሰሱ በከፍተኛ ፍጥነት ማደባለቂያ በደቂቃ 10,000 ዙር ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ይምቱ። በዚህ ደረጃ ወተት የመሰለ፣ ላዩ ላይ የዘይት ዓይን የማይታይበት ፈሳሽ መውጣት አለበት። የዘይት ዓይን እያዩ ወደ ፕሮብ ከገቡ ትልልቁ ጠብታ እስከ መጨረሻው አይጠፋም። ሲትሪክ አሲዱን መጨረሻ ላይ ያግቡት።

ፕሮቡን በተመለከተ፣ 13 ሚሊሜትር ጫፍ ያለው ባለ 20 ኪሎኸርዝ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊሊትር ነው በወጉ የሚመታው። ጫፉን ከፈሳሹ ገጽ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ያድርጉ፤ ከፍ ካለ አየር ስቦ አረፋ ያደርግብዎታል፣ ታች ከነካ ደግሞ ቢከሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። 5 ሰከንድ ሥራ፣ 5 ሰከንድ ዕረፍት፣ በበረዶ ውስጥ፣ የሥራው ጊዜ በድምሩ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አይለፍ። በየ2 ደቂቃው ናሙና ወስደው መጠኑን ቢለኩ ከአንድ ቦታ በኋላ መቀነሱን ሲያቆም ያያሉ። ከዚያ በኋላ የሚያባክኑት ጊዜ ጉዳት ብቻ ነው፤ የአልትራሳውንዱ ፍንዳታ ነፃ ራዲካል ይፈጥራል፣ ሊሞኒንን ያበላሻል፣ የታይታኒየም ብናኝም ከጫፉ ይረግፋል። በዚህ ምክንያት ፕሮብ ለሙከራ እንጂ ለሚሸጥ ምርት አይመከርም። ለምርት ከፍተኛ ግፊት ያለው ሆሞጅናይዘር ያስፈልጋል፤ በ1,000 ባር ከ3 እስከ 5 ጊዜ ማሳለፍ። በየ100 ባሩ ሙቀቱ 2.4 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር በአንድ ዙር 24 ዲግሪ ይወጣል ማለት ነው። በየዙሩ መሀል ማቀዝቀዣ ከሌለ ጥሩውን መዓዛ ከበርሜሉ በላይ በአየር ላይ ያገኙታል።

ወደ ሽታው። አኳራጅ የሚመስለው ሽታ ሊሞኒን ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው፤ ፐርኦክሳይድ፣ ሊሞኒን ኦክሳይድ፣ ካርቪዮል፣ ካርቮን ይፈጠራሉ። ሚንት የሚያስታውስ ነገር ከሸተተዎ ካርቮኑ ነው። የአሲዱ መንገድ ሌላ ነው፤ ሊሞኒን በዝቅተኛ ፒኤች ውሃ ይዞ አልፋ ተርፒኒዮል ይሆናል፣ ሽታውም ያረጀ፣ የታፈነ ነው። የእርስዎ 3.2 ፒኤች ሁለተኛውን ያግዛል፣ 15 ደቂቃው ፕሮብ የመጀመሪያውን። ኢመልሽኑን 4 ላይ አቆይተው ቀሪውን አሲድ ለመጠጡ ይተዉ።

እዚህ ላይ የናኖ ዋጋ ይገለጣል። አንድ ሚሊሊትር ዘይት በ1 ማይክሮሜትር ጠብታ ሲከፋፈል 6 ካሬ ሜትር ገጽ ይኖረዋል፣ በ100 ናኖሜትር ሲሆን 60። አሥር እጥፍ ገጽ ማለት ኦክስጅንና ብረት የሚደርሱበት ቦታ አሥር እጥፍ ሆነ፣ የሚሸፍነው ኢመልሲፋየርም በዚያው ልክ ጨመረ ማለት ነው። «ናኖ ስለሆነ ይጠብቀዋል» የሚለው የሻጮች አነጋገር እንደዚህ ላለ ኢመልሽን አይሠራም። ጥርት ያለ መጠጥ ካልፈለጉ በቀር ወደ 100 ናኖሜትር መውረድ ምንም ትርፍ የለውም። ደፍረስ ላለ የብርቱካን መጠጥ ከ300 እስከ 500 ናኖሜትር ይሻላል፤ ድፍርስነቱንም ያገኛሉ፣ ቱዊኑንም በግራር ሙጫ (ገም አረቢክ) መተካት ይችላሉ።

ኦክሲዴሽኑን ለመቀነስ መጀመሪያ የሚገዙትን ዘይት ይፈትሹ፤ የተበላሸ ዘይትን ኢመልሽን አያድነውም። ቁራጭ ወረቀት ላይ ነክረው አዲስ ከተላጠ ብርቱካን ጋር ያነጻጽሩ፣ ከተቻለም ፐርኦክሳይዱን ያስለኩ። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ሊሞኒን ለያዘ የሽቶ ጥሬ ዕቃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 20 ሚሊሞል ነው፤ ለምግብ ከዚያ እጅግ ማነስ አለበት። ውሃው አፍልተው ያቀዘቀዙት ወይም ናይትሮጅን ያለፈበት ይሁን። ብረት ያለበት የጉድጓድ ውሃ ብቻውን ሥራውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ኢዲቲኤ በሚፈቀድበት አገር ብረቱን አሥሮ ይይዛል፣ በአሜሪካ ለታሸገ ጋዝ ያለው ለስላሳ ጣሪያው 33 ፒፒኤም ነው። አስኮርቢክ አሲድ ለመጨመር አይቸኩሉ፤ ከቤንዞኤት ጋር በሙቀትና በብርሃን ቤንዚን የተባለውን ካንሰር አምጪ ውሕድ ሊፈጥር ይችላል፤ የመኪናውን ነዳጅ ማለታችን አይደለም። የተዘጋጀውን በጥቁር ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልተው በ4 ዲግሪ ያቆዩ፣ ወደ በረዶነት እንዳይለወጥ በረዶ ቤት ግን አያስገቡ፤ በረዶው ኢመልሽኑን ይሰብረዋል።

ቱዊንን መለያው ላይ መጻፍ ካልፈለጉ ኪላያ ከሚባለው ዛፍ የሚወጣ ሳፖኒን (ኢ999) አለ፤ ለ10 ግራም ዘይት 1 ግራም ይበቃዋል፣ በከፍተኛ ግፊት ከ200 ናኖሜትር በታች ይወርዳል፣ አረፋው ግን ያሰለቻል። የወተት ዌይ ፕሮቲን ፒኤች 5 አካባቢ ስለሚረጋ ለአሲዳማ መጠጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሙጫ አገር ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ለኢመልሽን የሚሆነው ግን ከአካሺያ ሴኔጋል የሚገኘው ነው፤ ከአካሺያ ሰያል የሚገኘው ይደክማል። የሚይዘው ኃይል ያለው ከፕሮቲን ጋር በተያያዘው ትንሽ ክፍሉ ላይ ስለሆነ አፍልተው አያሟሙት። ለ10 ግራም ዘይት ከ15 እስከ 20 ግራም ሙጫ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ሌሊቱን ይደር፣ በጨርቅ ተጣርቶ አሸዋውና ልጡ ይውጣ። ከ200 ናኖሜትር በታች አይጠብቁ።

የዱቄቱን ጥያቄ ስንመልስ፣ ይኸው ኢመልሽን አይሆንም። ቱዊን ፈሳሽ ስለሆነ ሲደርቅ ግድግዳ አይሠራም፤ የሚያገኙት የሚጣበቅ ነገር ነው። ለስፕሬይ ድራየር (ፈሳሹን በሞቃት አየር ውስጥ ረጭቶ የሚያደርቅ ማሽን) ሌላ ፎርሙላ ያዘጋጁ፤ በ1 ኪሎግራም ውስጥ 80 ግራም ዘይት፣ 100 ግራም ኦሳ የተባለው የተሻሻለ ስታርች (ኢ1450)፣ 220 ግራም ዲኢው (ስታርቹ ምን ያህል እንደተሰባበረ የሚያሳየው ቁጥር) ከ10 እስከ 18 የሆነ ማልቶዴክስትሪን፣ 600 ግራም ውሃ። ስታርቹ ሌሊቱን ውሃ ይጠጣ። እዚህ ናኖ አያሳድዱ፤ ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮሜትር ይበቃል፣ ከዚያ ሲያንስ ስታርቹ ገጹን መሸፈን ያቅተውና ዘይቱ የዱቄቱ ፊት ላይ ይቀራል። መግቢያ ሙቀት 180 አካባቢ፣ መውጫ ከ80 እስከ 90። የሚከታተሉት የመውጫውን ነው፤ ከ75 በታች ዱቄቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከ100 በላይ ቅንጣቱ እየነፋ ይፈነዳና መዓዛው ይሄዳል።

በ180 ዲግሪ ሊሞኒኑ የማይተነው የጠብታው ቆዳ በቅጽበት ስለሚደርቅ ነው። የደረቀው ቆዳ ትንሹን የውሃ ሞለኪውል ያሳልፋል፣ ትልቁን የመዓዛ ሞለኪውል ያግዳል። ደረቅ ነገሩ ከ40 በመቶ ካነሰ ቆዳው ይዘገይና ኪሳራው ይበዛል፤ ውሃ በመቆጠብ የሚገኘው ትርፍ በኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። ዱቄቱን በሄክሳን አጥበው የገጹን ዘይት ይለኩ፤ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። ከስኳር ጋር ሲደባልቁ ውሃ የሌለውን ሲትሪክ አሲድ ይጠቀሙ፣ ሞኖሃይድሬቱ በሞቃት መጋዘን ውሃውን ለቆ ከረጢቱን ሙሉ ያጓጉላል። የደረቀው አቧራ ከሊሞኒን ጋር የሚፈነዳ ነው፤ የድራየሩን መሬት መያዣ ሽቦ አስቀድመው ያረጋግጡ።

መዓዛን በውስጡ አቅፎ የሚይዘውን ባለ ቀለበት ሞለኪውል፣ ቤታ ሳይክሎዴክስትሪንን፣ የሚያነሡም አሉ። አንድ ሞለኪውሉ 1,135፣ ሊሞኒን 136 ይመዝናል፤ አንድ ለአንድ ሲያያዙ ከጠቅላላው ከ10.7 በመቶ በላይ መዓዛ ሊይዝ አይችልም። ለውድ መዓዛ ይሆናል፣ ለብርቱካን ዘይት ግን አያዋጣም።

ከብርቱካን ወደ ሎሚ ከተሻገሩ ሌላ ጣጣ አለ። የሎሚውን ጠረን የሚሰጠው ሲትራል ነው፤ በአሲድ ውስጥ ከጠብታው እየወጣ ራሱን ይጠቀልላል፣ ሲቆይም ፒ-ክሬሶልና ፒ-ሜቲልአሴቶፌኖን የሚባሉ ጣዕም የሚያበላሹ ውሕዶች ያመጣል። ጠብታውን ማሳነስ ይህን አያስቆምም፤ ቀዝቃዛ ማጓጓዝና አጭር የመጠቀሚያ ጊዜ ይሻላል።

አዲሱን ቅልቅል ሲፈትኑ አንዱን ብልቃጥ በ4፣ አንዱን በ25፣ አንዱን በ40 ዲግሪ አስቀምጠው በ1ኛው፣ 3ኛው፣ 7ኛው፣ 14ኛው እና 28ኛው ቀን ይለኩ፤ ናሙናውን በተጣራና ፒኤቹ በተመሳሰለ ውሃ ያቅጥኑት። የኩቡ መስመር ከጠፋ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ኤምሲቲው ሠርቷል። በ40 ዲግሪው ብልቃጥ ብቻ ሁለት ጉብታ ከመጣ ጉዳዩ የቱዊን ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ውሃውን ይለቃል፣ ጠብታዎቹም ይዋሃዳሉ። ያን ጊዜ ብቻ የቱዊኑን ምጣኔ ከዘይቱ ግማሽ ወደ 0.75 ከፍ ያድርጉ። ጎን ለጎን መጠጡን ራሱን በጠርሙስ አቁመው በጨለማ ክፍል በእጅ ባትሪ አንገቱን ይመልከቱ፤ ባለ ሌዘሩ መሣሪያ የሚስተውን ቀለበት ዓይን ቀድሞ ያየዋል። አንድ ጠብታ በ400 እጥፍ ማይክሮስኮፕም ይመልከቱ፤ በቀላሉ የሚታዩ ክቦች ካሉ አማካዩ ምንም ይሁን ያ ጥቅል አይሸጥም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ዘይቱን በፎም ኩባያ አይመዝኑ፤ ሊሞኒን ፖሊስታይሪን ያቀልጣል። ተራ የጎማ ጋስኬት ያብጥና ይፈስሳል፣ ቴፍሎን ወይም ቫይቶን ያድርጉ። ፖሊኢትሊን ጄሪካን መዓዛውን ይጠጣል፤ ለመስታወት ወይም ለፔት ቅድሚያ ይስጡ፣ የክዳኑ ውስጠኛ ሽፋንም ፖሊኢትሊን እንዳይሆን ይዩ።